ጳጉሜ ስድስት

መዝገቡ ንጹሕ ነው።
ከንጽሕናው ብዛት ሰው ያስጠረጥራል፤
ስድስት መቶ ዐሥራ ሁለት ቤት፣ ሁሉም «ጥሩ» ይላል።
ልኳንዳ ቤቱ ጥሩ፣ ጁስ ቤቱም ጥሩ ነው፣
መናኸሪያው ጥግ ያለው ሳምቡሳ ቤት ጥሩ ነው።
አንድ እጅ፣ አንድ እስክሪብቶ፣ አንድ ሰማያዊ ቀለም፤
እጅ ስቶ የሰረዛት አንዲት ፊደል የለም።

ኦዲተር ነኝ። ሥራዬ ቁጥር ማድመጥ ነው፤
ቁጥር ሲዋሽ ድምፁ ከእውነቱ ጥርት ያለ ነው።

ገጽ ገለጥሁ፣ ገለጥሁ፣ ነሐሴም አለፈ፤
ጣቴ አንድ ቀን ላይ ደርሶ ተጠለፈ።
«ጳጉሜ ስድስት» ይላል። ሰዓቱ ተጽፏል፣
ማኅተም አርፎበታል፣ ፊርማ ተቀምጧል።
«የማቀዝቀዣው ሙቀት፦ አራት ዲግሪ። ጥሩ።»
ያ ዘመን ግን ማርቆስ ነበር፤
በማርቆስ ጳጉሜ አምስት ናት፣ ይኼው ነው ነገሩ።

ስድስተኛዋ ቀን ሐዋሳ ላይ አልነጋችም፣
ጀልባ ሐይቁን አልቀዘፈ፣ ፀሐይ አልወጣችም፣
አንድ ዓሣ አልተያዘ፣ አንድ ቢላ አልተሳለ፤
ተቆጣጣሪው ግን፣ በዚያች በሌለች ቀን፣
ዐሥራ ዘጠኝ ቤት ገብቶ «ጥሩ» ሲል ዋለ።

አቶ ዳንጊሶን አስጠራሁ።
መጣ። ጣቴ ያረፈበትን አየ፣ አልካደም።

«እኅቴ፣ ሞተሯ አንድ ናት ለዚህ ሁሉ ከተማ፤
ቤንዚን የለም ስንል አቤቱታችንን ማን ሰማ?
ቴርሞሜትሩ አምና በመስቀል ማግስት ተሰበረ፤
ፍሪጁን በመዳፌ ስዳብስ ነበረ።
መዳፍ ዲግሪ አይጽፍም፣ ቅጽ ደግሞ ባዶ አይወድም፤
ዘጠና ዘጠኝ በመቶ ብልክ የበላይ አካል አይወስድም።»

ዝም አልን።
በመስኮቱ፣ ከሩቅ፣ አሞራ ገደል ይታያል።
አባ ኮዳው መላጣውን ይዞ፣ ካፖርቱን ደርቦ ቆሟል፣
እንደ ጡረተኛ ዳኛ።
የዓሣ አንጀት በተጣለ ቁጥር አንገቱን ዘንበል ያደርጋል፣
ይመረምራል።
ያለ አበል፣ ያለ ቤንዚን፣ አንድ ቀን ሳያጓድል
ይህን ከተማ የሚቆጣጠር እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ዳንጊሶ ከጃኬቱ ኪስ የተጠቀለለ ደብተር አወጣ፤
የተማሪ ደብተር፣ ጠርዙ ላብ የጠጣ።
«ይኼን ማንም አልጠየቀኝም» አለ።
በእርሳስ ነው የተጻፈው፦

የወይዘሮ አስካለች ቤት፤ ውኃ ከጠፋ ዘጠኝ ቀን፣ ሳህኑ ሁሉ በአንድ በርሜል።
ቱንኬ ዓሣ ቤት፤ ጥሬው ጠረጴዛ ላይ እንደዋለ፣ ዝንብ።
ጁስ ቤቱ፤ አይጥ አየሁ። ሁለት።
ልጅ ታመመ የተባለው እውነት ነው፤ ሆስፒታል ሄጄ አየሁት። ምናሴ ይባላል። ሰባት ዓመቱ ነው።

«በምን ሄድክ?» አልሁት።
«በእግሬ።»

ፊቴን ለመደበቅ ይሁን እንጃ፣ የአምናውን ማኅደር ሳብሁ፤
የመጨረሻው ገጽ ላይ ቀይ ጽሑፍ አነበብሁ፦
«ተመርምሯል። አጥጋቢ ነው።»
ከሥሩ፣ ጅራቷ የረዘመ፣ የምትኮራ አንዲት «ት»።

ትብለጥ። እኔ ነኝ።
አምና ሁለት ቀን ውዬ የአራት ቀን አበል ፈርሜ፣
ሐይቁ ዳር ጥሬ ዓሣ በአዋዜ ተጠቅሜ፣
አጅቤው በቀዝቃዛ ቢራ፣
«ጥሩ» ያልሁት እኔ ነኝ፤ ያውም ጮክ ብዬ፣ ከነሙሉ ሥራ
አስኪያጁ ጋራ።

ማታ ላፕቶፔን ከፈትሁ። «ግኝት አንድ» ብዬ ጻፍሁ፤
የዳንጊሶን ስም ጻፍሁ፣ አጠፋሁ፣ ደግሜ ጻፍሁ።
መብራት ሄደ። መጣ።
ከዚያ ከግኝት አንድ በላይ አንድ መስመር ክፍት አደረግሁ፦
«ያለፈው ዓመት ኦዲተር አንድም ቤት አልረገጠችም።»
ስም፦ ጻፍሁ።
ቀን፦

እዚህ ላይ ቆየሁ።
ጥቅምት ሁለት ከመጻፌ በፊት
እውነት ያለ ቀን መሆኑን
በጣቴ ቆጠርሁ።